አራቱ የማዕዘን ሴቶች

ልጅቷ ወደ ሱቄ የገባችው ሥዕል ይዛ ሳይሆን ግድግዳ ይዛ ነው። ስልኳን ከፍታ ያሳየችኝ ፎቶ ላይ በጭቃ የተመረገ ክፍል አለ፤ የክፍሉ አንድ ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ በቀይና በጥቁር ቀለም ተስሎበታል። አበባ፣ ዓሣ፣ በቀቀን፣ ኤሊ፣ ፀሐይና ጨረቃ። «ይሄንን ፍሬም ልታደርጊልኝ ትችያለሽ?» አለችኝ በእንግሊዝኛ። የዚያን ቀን ጠዋት ሁለት መስታወት ተሰብሮብኝ ስለነበር አመሌ ተበላሽቷል። «ቤቱን ካመጣሽልኝ እሞክራለሁ» አልኳት።

ሌላ ሰው ቢሆን ተቀይሞ ይወጣ ነበር። እሷ ግን ሳቀችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። የነርስ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም።

ሱቄ እዚህ አሜሪካ፣ የሐበሻ ሱቅ ከሚበዛበት ከፌርፋክስ ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ ያለ ጠባብ ቤት ነው። ግማሹን የያዘው ረጅሙ የመቁረጫ ጠረጴዛ ሲሆን የቀረውን እኔና እንጨቶቼ እየተጋፋን እንካፈለዋለን። ዲግሪ፣ የሠርግ ፎቶ፣ የቅዱሳን ሥዕል ይመጣልኛል። ያገሬ ሰው ዜግነቱን ባገኘ ማግስት ወረቀቱን ይዞ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ግድግዳ ይዞ የመጣ ግን ከዚያ በፊት አልነበረም።

ነገሩን አስረዳችኝ። ፎቶው አያቷ የተዳሩበት ቤት ነው፤ ሕንድ ውስጥ፣ ሚቲላ የሚባል አገር። እዚያ ሴት ልጅ ስትዳር የቤተሰቡ ሴቶች ተሰብስበው ሙሽሮቹ የሚያድሩበትን ክፍል ግድግዳ ይስላሉ። ሥዕሉን ኮህባር ይሉታል። ለጌጥ አይደለም፤ አማልክቱ መጥተው ትዳሩን እንዲባርኩ ነው። እኛ ጫጉላ ቤት የምንለው መሆኑ ነው አልኩ በልቤ፤ ልዩነቱ እኛ ጫጉላውን በቅጠል እንሠራለን፣ እነሱ በቀለም። አያትየዋ በወጣትነታቸው ለብዙ ሙሽራ ስለዋል። ለገዛ ልጃቸው ግን አልሳሉም፤ እሷ የተዳረችው እዚህ አሜሪካ፣ በሆቴል አዳራሽ ነው። አሁን የልጅ ልጃቸው፣ ይቺው ልጅ፣ ልትዳር ሁለት ወር ቀርቷታል። «ለዚችኛዋ ሳልስል አልሞትም» ብለዋል።

ችግሩ ብዙ ነበር። ሙሽሪት የተከራየችው አፓርትመንት ከእኛ ወደ ሰሜን፣ ፌርፋክስ ላይ አዲስ የተሠራ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ውሉ ግድግዳ መቀባትም ሆነ መብሳት ይከለክላል። አያትየዋ የሚኖሩት ራቅ ብሎ ቶራንስ የሚባል ከተማ ከልጃቸው ጋር ነው፤ እዚያ ቤት ምንጣፉም ግድግዳውም ነጭ ስለሆነ ልጃቸው ቀለም የሚባል ነገር በደጇ እንዲያልፍ አትፈልግም። ከሁሉ የባሰው ደግሞ አያትየዋ ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጥቶባቸዋል። አንደኛውን ዓይን ከሠርጉ አሥራ አንድ ቀን ቀደም ብሎ በቀዶ ሕክምና ይታከማሉ። «ሶ በትልቅ ጨርቅ ላይ ቢስሉት፣ አንቺ ደግሞ ብታግዢያቸውና ፍሬም ብታደርጊው?» አለች ልጅቷ ጠረጴዛዬን እያየች። የመጣችበት ዋናው ጉዳይ ጠረጴዛው እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። በየቅዳሜው እንዲሠሩበት ተስማማን።

በመጀመሪያው ቅዳሜ አያቷን ይዛ መጣች። አጭር፣ ቀጭን፣ ሳሪ የለበሱ ሴት ናቸው። እማማ እላቸው ጀመር። ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ዳበሱት፣ በጣታቸው አንኳኩት፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው አንድ ነገር ጠየቁ። ልጅቷ አፈረች። «ባል አላት ወይ ነው የምትለው። ሥራው በባለትዳር ሴት እጅ ቢጀመር ነው ደስ የሚላት።»

«አለኝ» አልኩ። «ግን ላስ ቬጋስ ነው ያለው።»

እማማ ተተርጉሞላቸው ሰሙ። ከዚያ መለሱ። «ርቀቱ ችግር የለውም፤ አንዳንዱ እንደውም በርቀት ይሻላል ትላለች» አለችኝ ልጅቷ። ከዚያን ሰዓት ጀምሮ ወደድኳቸው።

እኔም የራሴ ሕግ ነበረኝና ፊት ለፊት ተናገርኩ። ኦርቶዶክስ ነኝ፤ እጄን አምላክ ብለው በሚሰግዱለት ነገር ላይ ማሳረፍ አልፈልግም። ቅጠሉን፣ ዓሣውን፣ ወፉን እቀባለሁ፤ አማልክቱን እርስዎ። እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቅር የተሰኙ አይመስሉም ነበር፤ ጎረቤት ሽንኩርት እከትፋለሁ፣ ሥጋውን አልነካም ቢላቸው የሚስማሙ ዓይነት ሴት ናቸው።

ጎረቤቴ እትዬ ግን ቅር አላቸው። ከሱቄ ቀጥሎ ያለው ምግብ ቤት የእሳቸው ነው። ከሁለተኛው ቅዳሜ በኋላ መጥተው ጨርቁን ቁልቁል አዩት።

«መኪናዬን ከኋላ ፓርክ አድርጌ ስገባ በመስኮት አየሁት» አሉኝ። «ልጄ፣ ጣዖት ቤት ከፈትሽ እንዴ?»

«እኔ የምቀባው ቅጠሉን ነው፣ እትዬ።»

«ኦኬ፣ ቅጠሉን። ዕፀ በለስም ቅጠል ነበረው።»

«ዓሣውንም እኔ ነኝ የቀባሁት።»

ዝቅ ብለው አዩ። «ዓሣው ደህና ነው» አሉ እየከፋቸው፤ ወጡ።

እማማ ሲሠሩ ማየት ደስ ይል ነበር። ብሩሽ አይወዱም። የቀርከሃ ስንጥር ጫፍ ላይ ጥጥ ጠምጥመው በእሱ ይስላሉ። ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸትና ከሙጫ ራሳቸው በጥብጠው በእርጎ ብልቃጥ ይዘው ይመጣሉ፤ ቀዩንና ቢጫውን ልጅቷ ከሱቅ ገዝታለች። ከመሃል ይጀምራሉ፤ መጀመሪያ አንድ ረጅም ግንድ፣ ዙሪያውን ሎተስ የሚባለው የውሃ አበባ ክብ ክብ ቅጠል፣ ከዚያ ወደ ዳር። መስመሩን ሁልጊዜ ድርብ ያደርጉታል። ጨርቁ ላይ በጣም ከማቀርቀራቸው የተነሳ ብዙ ጊዜ አፍንጫቸው ጠቁሮ ነው ወደ ቶራንስ የሚመለሱት።

እኔ በፍሬም ሥራ ያደግኩ ነኝ፤ ባዶ ቦታ እወዳለሁ። ሥዕል መተንፈስ አለበት ብዬ ደንበኞቼን ስጨቀጭቅ ነው የምውለው። እማማ ባዶ ቦታ ሲያዩ ግን ያማቸዋል። በዓሣና በዓሣ መሃል ጣት የሚያክል ነጭ ትቼ ካለፍኩ እጄን ጠፍ ያደርጉኛል፤ እዚያች ላይ ነጠብጣብ፣ እዚያች ላይ ቅጠል፣ እዚህች ላይ ደግሞ ትንሽዬ ወፍ። «ይሄ ሁሉ ግርግር ከሶፋሽ ጋር ይሄዳል?» አልኳት ልጅቷን አንድ ቀን። «ሶፋው ግራጫ ነው» አለችኝ። «ሁሉም ነገሬ ግራጫ ነው። ለዚህ እኮ ነው የፈለግኩት።» ክፉ መልስ አልነበረም።

ልጅቷ አያቷን አድርሳ ወደ ሥራዋ ስለምትሄድ ብዙውን ቀን እኔና እማማ የምንግባባው በጣት ነበር። አንድ ቅዳሜ አንደኛው ዓሣ ጅራት እንደሌለው አየሁ። ረስተውታል፤ ወይ አልታያቸውም። ምንም ሳልል ጅራት ሠራሁለት። እማማ ቆይተው ሲያዩት ደነገጡ፤ ከዚያ እጃቸውን አናቴ ላይ አሳረፉና ተዉት። ያ እጅ ነው ያሳሳተኝ። ከዚያ በኋላ የእማማን ስህተት የምታርም እኔ ነኝ ብዬ ራሴን ሾምኩ።

ቀዶ ሕክምናው ከመድረሱ በፊት ባለው የመጨረሻ ቅዳሜ እማማ ቸኩለው ነበር። አማልክቱን ጨርሰዋል፤ ጋውሪ የምትባለውን የሙሽሮች አምላካቸውን ቀዩን ሳሪ አልብሰዋታል። ልጅቷ አልነበረችም። በአራቱ የጨርቁ ማዕዘኖች ላይ አራት ሴቶችን በጥቁር መስመር ብቻ ነድፈው እንድቀባቸው አሳዩኝና ሄዱ።

ሰኞ ዕለት ሱቁን ዘግቼ ተቀመጥኩባቸው። በሥዕሉ ውስጥ ያሉት አማልክት ሁሉ ፊታቸው ወደ ጎን የዞረ ነው፤ ከእያንዳንዱ የሚታየው አንድ ትልቅ ዓይን ብቻ ነው። እነዚህ አራቱ ሴቶች ግን ወደ እኔ ፊት ለፊት ያያሉ፤ ሆኖም አንድ አንድ ዓይን ብቻ ነበራቸው። ሌላው ዓይን የሚሆንበት ቦታ ባዶ ነው፤ በግንባራቸው በኩል የወረደች አንዲት ቀጭን መስመር አለች፤ ምን እንደሆነች አልገባኝም፤ የጸጉር መስላኝ ነበር።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር። ቀለም እየበጠበጥኩለት ነው ያደግኩት። ጻድቁን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይስለዋል፤ ሰይጣኑን፣ ከሐዲውን፣ ጌታን የገረፈውን ወታደር ወደ ጎን አዙሮ አንድ ዓይን ብቻ ይሰጠዋል። በእኛ ቤት ይህ እንደ ፊደል የታወቀ ነገር ነው። አንድ ዓይን ያለው ፊት ሳይ እስከ ዛሬ አላምነውም። ስለዚህ እነዚያን አራት ሴቶች እያየሁ አዘንኩ። ምስኪን እማማ፣ ዓይናቸው ሲደክም ሁለተኛውን ዓይን ረሱት አልኩ። አራቱም ላይ መርሳት ይቻላል ወይ ብዬ ራሴን አልጠየቅኩም። በሙሽሪት አልጋ ራስጌ አራት ከሐዲ ቆመው እንዲያድሩ ማን ይፈልጋል?

ቀርከሃውን አነሳሁና ለአራቱም ሁለተኛ ዓይን ሰጠኋቸው። እንደውም ሽፋሽፍት ጨመርኩላቸው። ፊታቸውን ቢጫ ቀባሁ። ሲደርቅ ራቅ ብዬ አየኋቸውና በጣም ኮራሁ። አባቴ ቢያይልኝ ብዬ ተመኘሁ።

ከሠርጉ በፊት በነበረው እሑድ ከሰዓት በኋላ እማማ መጡ። ቀኝ ዓይናቸው ላይ ነጭ ፋሻ ተለጥፏል፤ ሐኪሙ ማጎንበስና ዓይን ማድከም ከልክሏቸዋል። ልጅቷ ደግፋ አስገባቻቸው። በግራ ዓይናቸው መሃሉን አዩ፣ ዓሦቹን አዩ፣ ፈገግ አሉ። ከዚያ ወደ አንደኛዋ ማዕዘን ደረሱ። ቆሙ። ወደ ሁለተኛዋ ሄዱ። አራተኛዋ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ምን አደረግሽ?» አለችኝ ልጅቷ።

«ረስተውት ነው ብዬ ነው» አልኩ። 

እማማ ሳይቆጡ ቀስ ብለው አስረዱ፤ ልጅቷ ተረጎመችልኝ። እነዚያ አራት ሴቶች ዘበኞች ናቸው። ያቺ ቀጭን መስመር የመጋረጃቸው ጠርዝ ነበረች፤ ግማሽ ፊታቸውን ሸፍነው፣ ባልተሸፈነው አንድ ዓይናቸው በአራቱም አቅጣጫ የሚመጣውን ክፉ የሰው ዓይን ይመልሳሉ። ያለ እነሱ ኮህባር ኮህባር አይባልም። ሁለቱንም ዓይኗን ገልጣ የቆመች ሴት ዘበኛ አይደለችም፤ ሠርግ ለማየት የመጣች እንግዳ ናት። እማማ ጨርቁን እንደገና ለመሳል ዓይን የላቸውም፤ ሠርጉ ደግሞ ስድስት ቀን ቀርቶታል።

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። እኛ የቡዳ አገር ሰዎች ነን፤ የሰው ዓይን ምን እንደሆነ ለእኔ ማንም ማስረዳት የለበትም። ዘበኞቹን ትጥቅ ያስፈታኋቸው እኔ መሆኔ አንገበገበኝ። የአባቴን ሕግ፣ ጻድቁንና ከሐዲውን፣ እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። እማማ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ። ከዚያ በጣታቸው ወደ ጋውሪ፣ ከዚያም ወደ ሌሎቹ ወደ ጎን ወደዞሩት አማልክት ሁሉ አመለከቱ።

«እነዚህስ?» አለች ልጅቷ። «ሁሉም አንድ ዓይን ነው ያላቸው። ስለ እነሱ ምን ስታስቢ ነበር ነው የምትለው።»

ልዋሽ አሰብኩ። አልቻልኩም። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ» አልኩ፣ «አመላቸው ጥሩ አይመስለኝም ነበር።»

ልጅቷ ለመተርጎም ፈራች። ስትተረጉመው እማማ ሳቅ ገነፈለባቸው። ፋሻቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ ሐኪሙ የከለከላቸውን ሁሉ እየረሱ ሳቁ። ለሰባት ቅዳሜ ከሰይጣን ጋር ሻይ ስጠጣ መክረሜ ነው ያሳቃቸው። ልጅቷም ሳቀች። እኔ ግን አለቀስኩ፤ ከሳቅ የመጣ እንባ አልነበረም።

መላው የተገኘው ከእማማ ነው። መጋረጃውን ማውረድ። በጨመርኳቸው ዓይኖች ላይ ቀይ ቢቀባ ጥቁሩ ከሥሩ ዘልቆ ይታያል፤ ግን ቦታውን በጣም በተጠጋጋ ቀጫጭን ጥቁር መስመር ቢሞሉት ዓይኑ መስመሩ ውስጥ ይጠፋል፤ መጋረጃውም ጥልፍ ያለው ይመስላል። እንዲህ ያለውን መስመር ለመሥራት ጤነኛ ዓይንና የማይንቀጠቀጥ እጅ ያስፈልጋል። እማማ ሁለቱም አልነበራቸውም። ስለዚህ ወንበራቸውን ጠረጴዛው ራስጌ አስቀምጠንላቸው ቀርከሃውን ለልጅቷ ሰጧት።

«እኔ እኮ በሕይወቴ ሥዬ አላውቅም» አለች።

«ደም ሥር ፈልገሽ መርፌ ታስገቢያለሽ» አልኳት። «መስመር አያቅትሽም።»

እሷ አንዷን ማዕዘን ያዘች፣ እኔ ሌላዋን። በዚህ መሃል እትዬ ሰሃን ይዘው ገቡ፤ ስንሳሳቅ በግድግዳው በኩል ሰምተው ምን ተገኘ ብለው ነው። ነገሩን ነገርኳቸው። ሰሙና ሰሃኑን መደርደሪያው ላይ አኖሩ።

«ሶ እነዚህ ሴቶች የሚሰገድላቸው አይደሉም?»

«አይደሉም፤ ዘበኛ ናቸው። ቡዳ የሚመልሱ።»

«ታዲያ እንደዚህ አትዪኝም?» አሉና መነጽራቸውን ከቦርሳቸው አወጡ። «ነጠላ ጥለት ስቆጥር ነው ያደግኩት። መስመር መስመር ነው። ወዲህ በይ።»

እንዲህ ሆነን ተቀመጥን። እማማ መስመሩ ሲራራቅ ጠረጴዛውን ያንኳኳሉ፤ ሲጠጋጋ ያንጎራጉራሉ። የሚያንጎራጉሩት ምን እንደሆነ ልጅቷን ጠየቅኳት። «ኮህባር ሲሳል ሴቶቹ የሚዘፍኑት ነው» አለችኝ። «ሥዕሉን ብቻዋን የምትስል ሴት የለችም ትላለች። ብዙ ሴት ካልነካው አይጸናም። እዚህ አገር ሴት ከየት አመጣለሁ ብላ ስትጨነቅ ነበር የከረመችው።» እትዬ ቀና ሳይሉ «ምን ትላለች?» አሉኝ። ስነግራቸው «ቀድማ አትናገርም ነበር?» ብለው አራተኛዋንም ማዕዘን ወደ ራሳቸው ሳቡ። በጭንቅ ነው ያስጣልኳቸው፤ እሷን እኔ ነበርኩ መጨረስ ያለብኝ።

ሥዕሉን ቀላል ሰሌዳ ላይ ወጥሬ ያለ መስታወት ፍሬም አደረግኩት። በእንጨቱና በጨርቁ መሃል ባዶ ቦታ ይኑር አይኑር ብዬ አንድ ቀን ሙሉ ከራሴ ጋር ተከራክሬ በመጨረሻ ተውኩት፤ እንጨቱ ከዳር መስመሩ ጋር ገጠመ። ከሠርጉ በፊት በነበረው ሐሙስ ወደ አዲሱ አፓርትመንት ወሰድነው። ቤቱ እንደተባለው ግራጫ ነው፤ ሶፋው፣ መጋረጃው፣ ወጥ ቤቱ። ግድግዳ መብሳት ስለማይቻል ከአልጋው ራስጌ ዝቅ ያለ መደርደሪያ ሠርቼ ነበር፤ ሥዕሉን እሱ ላይ አስደግፈን አቆምነው። ክፍሉ ወዲያው ሰው ገባበት። ሙሽሪት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች። እማማ ጫማቸውን አውልቀው ፊቱ ቆሙና እጆቻቸውን አገናኙ። እኔ ዞር አልኩላቸው፤ ያ የእሳቸውና የአምላካቸው ነው።

ፊቴን ስመልስ ነው ያየሁት። ትልቁ መስኮት የከሰዓቱን ፀሐይ በቀጥታ ይለቅበታል፤ የሱቄ መብራት ያልገለጠውን ገለጠው። በስተግራ ከታች ባለችው ሴት ላይ፣ በመስመሮቹ ሥር፣ የሳልኩት ሁለተኛ ዓይን ከነሽፋሽፍቱ ይታያል። የሌሎቹ ሦስቱ ጨርሶ ጠፍቷል። ይቺ የእኔዋ ናት፤ ከእትዬ እጅ ነጥቄ የጨረስኳት።  ጥቁር ብዕር ከቦርሳዬ አወጣሁና መደርደሪያው ሥር ተንበረከክኩ።

እማማ አንጓዬን ያዙ። እሳቸውም አጠገቤ ተቀመጡ፤ ፋሻው ተነስቶላቸው ነበርና በአዲሱ ዓይናቸው በቅርብ አዩዋት። ጣታቸውን በመጋረጃው ላይ ቀስ አድርገው አሳለፉ። ከዚያ እኔን አይተው ተናገሩ። አልጋው ላይ ወደተቀመጠችው ሙሽሪት ዞርኩ።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«ይቺ አንቺ ነሽ ትላለች። እንዲሁ ትሁን። አንዱ ዓይኗ የልጄን ቤት ይጠብቅ፣ ሌላው ደግሞ የራሷን ቤት ይጠብቅ። አንቺን ማን ይጠብቅሻል ትላለች።»

ብዕሩን ከድኜ አስቀመጥኩት። ከስንት ዓመት ወዲህ ይሄን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እማማ የሳሪያቸውን ጫፍ አነሱና ፊቴን ጠረጉልኝ።